ሽፈራው የተሻለውን ድምፅ ትቶ የመረጠው ሳጥን

ይህ የሆነው ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ ካሴት ገና ከገበያ ሳይወጣ። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድም የጠፋብኝ ዕቃ ስለሌለ ይመስለኛል። ያዋስኩት ነገር በተባለው ቀን፣ እንደነበረ ሆኖ ተመልሶልኛል።

ነገሌ ቦረና ተቀምጬ ለሬዲዮ ዜና እሠራ ነበር። ሽፈራው የግቢ ጎረቤቴ ነው፤ ስድስት ዓመት በአንድ አጥር ውስጥ ተከራይተን ኖረናል። ስታመም ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። በከተማው የሠርግ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር።

ኪቦርዱ አሮጌና ድምፁ ቀጭን ስለነበር ባንዱ ሞጁል የሚባለውን ሳጥን ለመግዛት ወሰነ። ሞጁል የራሱ መጫወቻ የለውም። መደርደሪያ ላይ በብሎን ይታሰርና በገመድ ከኪቦርዱ ጋር ይያያዛል፤ ጣት ኪቦርዱን ሲነካ ድምፁ ከሳጥኑ ይወጣል። ሽፈራው የፈለገው ፓድ ነበር፤ ከዘፋኙ ሥር ተዘርግቶ የሚቆየውን ረጅምና ወፍራም ድምፅ።

"እንደ ኤላው ሰዎች ዓይነት" አለኝ።

ይህን ያለው ስለ አንድ ካሴቴ ነው። በዚያ ዓመት በድርቁ ወቅት፣ ዱብሉቅ አጠገብ ካሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ እኛ ኤላ ከምንላቸው፣ ወደ አንዱ መቅረጫዬን ይዤ ወርጄ ነበር። ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ከብቱ ዘፈኑን ሰምቶ ወደ ገንዳው ይመጣል። የውሃውን ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ ኦቦ ጃተኒ፣ ዘፈኑን እንድቀርጽ ሲፈቅዱልኝ አንድ አደራ ጣሉብኝ። በሬዲዮ ከነስማችንና ከነኤላችን ይሰማ፣ ከዚያ ውጪ የትም አይሂድ አሉ። መጠጥ ቤት ውስጥ እንዳልሰማው አሉኝ። ቃል ገባሁ።

ዘፈኑን የሚመራው ታናሽ ወንድማቸው ዋሪዮ ነበር። የሬዲዮ ዝግጅቴ ከተላለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ታሞ ሞተ።

ሽፈራው ሞያሌ አብሬው እንድሄድና ካሴቱንም እንድይዝ ለመነኝ። የሳጥኖቹን ድምፅ ከኤላው ድምፅ ጋር እናስተያያለን፣ ሁለት ጆሮ ከአንድ ይሻላል አለ። ካሴቱን ይዤ መሄዴ ራሱ ቃሌን መሸረፍ ነበር። ያኔ እንደዚያ አላየሁትም።

ሱቁ የጋሽ ነስሩ ነበር፤ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ሞያሌ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ሲሸጡ የሸበቱ ሰው። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ "ሱቄን አድንቀህ ጻፍ፤ ዕቃው በየት በር እንደገባ ግን አትጠይቀኝ" ብለው አሳቁን። ሁለት ያገለገሉ ሳጥኖች አወጡ።

የመጀመሪያውን ከፈቱልን። ድምፁ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይሰፋል፣ ጣት ከተነሳ በኋላም ወዲያው አይጠፋም። ጋሽ ነስሩ "ይኸው፣ እኔን ነጋዴውን እንኳ ሆዴን አባባው" አሉ።

ሁለተኛው የደረቀ ድምፅ ነበረው፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል። ግንባሩ ላይ የዲስክ ማስገቢያ ነበር። ጋሽ ነስሩ ይሄኛው ከውጭ ድምፅ ይቀበላል፣ የሰጡትን ይይዛል አሉ። ይህን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። አሁንም አለኝ።

ሽፈራው ሁለተኛውን መረጠ። እኔ ተከራከርኩ። የመጣነው ለወፍራም ድምፅ ነው፣ እሱ ደግሞ እዚያኛው ሳጥን ውስጥ አለ አልኩት።

"ያኛው ከፋብሪካ የተሰጠውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ይሄ ግን ይማራል" አለኝ።

ምን ልታስተምረው ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ሥራዬ መጠየቅ ነው። ወዳጄ ስለነበረ አልጠየቅሁም።

ነገሌ ስንመለስ ካሴቱን ለሁለት ሳምንት አውሰኝ አለ፤ ጆሮዬን ላለማምድበት አለኝ። ልክ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ፣ በሽፋኑ ውስጥ አድርጎ መለሰልኝ። አመሰገንኩት።

ዓመት ገደማ አለፈ። ያኔ ሀገረ ማርያም ከምንላት ከቡሌ ሆራ በአውቶቡስ ወደ ዱብሉቅ ስወርድ ሾፌሩ አዲስ ካሴት ከፈተ። የፍቅር ዘፈን ነው፤ ዘፋኙን አላውቀውም። ከሥሩ ግን ረጅም የወንዶች ድምፅ ተነጥፏል። ዋሪዮ ዜማ ከማንሳቱ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ጉሮሮው ስንጥቅ ይል ነበር። ዝግጅቱን ስሠራ ያችን ትንፋሽ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። አሁን በየስንኙ መጀመሪያ ትመጣለች። ያማረ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

ረዳቱን የካሴቱን ሽፋን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ቅንብር፣ ሽፈራው ይላል። ስለ ኤላው፣ ስለ ዋሪዮ አንድ ቃል የለም።

ያን ቀን ዱብሉቅ ወርጄ ወደ ኤላው አልሄድኩም። መጀመሪያ ማረጋገጥ ፈለግሁ፤ ነገሌ ተመለስኩ።

ሽፈራው አልካደም። ሳጥኑን አቧራ እየጠረገ ነበር። "ከካሴትህ ወደ ሳጥኑ ያስገባሁት ጥቂት ሰከንድ እኮ ነው። ማን ይለየዋል?" አለኝ።

"እኔ ለየሁት።"

"አንተማ ሥራህ ነው።" ቀጥሎ ቀና ብሎ አየኝ። "ብጠይቅህ እሺ ትለኝ ነበር?"

"አልልህም ነበር።"

"ለዚህ ነዋ ያልጠየቅሁህ።"

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። የሞያሌው መንገድ፣ የሁለት ጆሮው ነገር፣ ክርክሩ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ትርጉሙ ተለወጠብኝ። ምን ዓይነት ሳጥን እንደሚገዛ የወሰነው ገና ከነገሌ ሳንነሳ ነበር። እኔን የወሰደኝ ለካሴቱ ነው።

በሳምንቱ ኦቦ ጃተኒ ዘንድ ሄድኩ። "አካም፣ ናጋ" ተባባልን፤ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ጠየቁኝ። ከዚያ ልነግራቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። ቀድመው ሰምተዋል። የዋሪዮ ሚስት ሎኮ ከተልተሌ ስትመለስ መኪና ውስጥ የባሏን ድምፅ ሰምታ መንገድ ላይ ወርዳለች። የቀረውን በእግሯ ነው የመጣችው።

እንዳልሸጥኩት ነገርኳቸው። የሆነውን በቅደም ተከተል አስረዳሁ፤ ልክ ዜና እንደማቀርብ።

"እንዳልሸጥከው አምንሃለሁ" አሉ። "ግን አውሰኸዋል። የሰው ድምፅ እንደ ገመድ ይዋሳል እንዴ?"

ቀጥለው የዋሪዮ ድምፅ ከተሸጡት ካሴቶች ሊወጣ ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደማይችል፣ ተባዝቶ እንደተበተነ ነገርኳቸው። ዋናውን ካሴት ሰጠኋቸው። ማጫወቻ አልነበራቸውም፤ ግን ተቀብለው በጋቢያቸው ጠቀለሉት። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ኤላ መቅረጫ ይዤ አልወረድኩም። ማንም አልከለከለኝም።

ሎኮንም ሄጄ አየኋት። ወተት ሰጠችኝ፤ ስለ ዘፈኑ ግን ምንም አላለችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽፈራው ዛሬም ነገሌ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ እሱ ሊያወራ ይፈልጋል፣ እኔ አልቆምም። ቂም የለኝም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። የጋራ ወዳጆቻችን ስንት ዓመት ሙሉ ይቅር በለው ይሉኛል። ይቅርታው የእኔ ቢሆን ምናልባት እሰጠው ነበር። ወደ ሎኮ ሄዶ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ሄዷል ያለኝ የለም።