ባንቺዓለም የለሰነችው ግድግዳ

ባንቺዓለም ሰው ቤት ስትገባ፣ ገና ተቀመጪ ሳትባል እጇ ግድግዳው ላይ ነው። ባሏ ደሳለ በሕይወት ሳለ በዚህ ነገር ያፍርባት ነበር።

«አሁን ሰዎቹ ምን ይሉናል?» ይላታል በሹክሹክታ።

«ዓይን ይሸነገላል፤ መዳፍ ግን አይሸነገልም» ትለዋለች።

የግድግዳ ልስን ሙያ የተማረችው ሙጃ አጠገብ ካለች የደጋ መንደር፣ ከአክስቷ ከብርቅዬ ነው። በዚያ አገር ሰርግ የደገሰ ሰው ጠላ ከመጥመቁ በፊት ብርቅዬን ያስጠራል። ጭቃው ከገብስ ጭድ ጋር ተረግጦ ሳምንት ይቦካል። ግድግዳው በእሱ ከተመረገ በኋላ እበትና አመድ ይቀባል፤ በመጨረሻ ከገደል ስር የተቆፈረ ነጭ አፈር ይደረብበታል። ይህም በወንዝ ድንጋይ ይታሻል። ባንቺዓለም ድንጋዩን የጨበጠችው በአስራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ክንዷ እስኪዝል አሽታ ስትጨርስ ግድግዳው እንደ ተላጠ እንቁላል ያበራል።

«አትቸኩዪ» ትላት ነበር ብርቅዬ። «በእርጥቡ ብትነኪው ይቀደድብሻል፤ ከደረቀ በኋላ ብትነኪው አይሰማሽም። በመካከል አንድ ሰዓት አለችው። እሷን ጠብቂ።»

ደሳለ ግንበኛ ነበር፤ አግብቶ ላሊበላ አመጣት። እሱ ይገነባል፣ እሷ ትለስናለች። ትልቁ ሥራቸው ከከተማው በላይ፣ ተረተሩ ላይ አቶ አዳም ያሠሩት ሆቴል ሆነ። የምግብ አዳራሹ ላይ አንድ ሙሉ በጋ ሠሩ። ባንቺዓለም በመስኮቱ ዙሪያ፣ በብራና መጻሕፍት ላይ እንዳለው ዓይነት ሐረግ በጣቷ ሳለች። ምሳ ሲደርስ ቆሎአቸውን ይዘው ጥላው ስር ይቀመጣሉ፤ ደሳለም ስለሚመጡት እንግዶች ያወራል። ከየትኛው አገር እንደሚመጡ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ግድግዳውን አይተው ምን እንደሚሉ፣ ሁሉንም ከራሱ እየፈጠረ። በሳቅ ትን ይላታል። አንድ ቀን ነጩ አፈር ሳይደርቅ ከመስኮቱ በታች አውራ ጣቱን ተጫነና «ይቺ የኔ ፊርማ ናት» አላት። ተቆጣችው። ግን አልደፈነችውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘመኑ የሲሚንቶና የቀለም ሆነ። አቶ አዳምም አዳራሹን አረንጓዴ የዘይት ቀለም አስቀቡት። እሷን የሚጠራት ሰው እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። ደሳለ ሲሞትባት አንድ ልጇን ሔለንን ለማሳደግ እዚያው ሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆና ገባች። በየቀኑ በአረንጓዴው ግድግዳ አጠገብ ታልፋለች፤ ለማንም ምንም አላለችም። ሔለን አድጋ ወገል ጤና ከተማ አስተማሪ ሆነች። የኮሮና በሽታ መጣ፤ ጦርነቱ ተከተለ፤ እንግዳ ጠፍቶ የሚታጠብ አንሶላ ያልነበረበት ጊዜም አለፈ። በመካከሉ አቶ አዳም አረፉ።

እንግዳ እንደገና ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ልጃቸው ኪዳን አዳራሹን ላድስ ብሎ ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጣ። ኢያቄም ይባላል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሙዚቃ እየሰማ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሥራው የቬኒስ ልስን የሚሉት ነው፦ ኖራና የእብነበረድ ዱቄት አዋህዶ፣ ስፓቱላ በሚሉት ስስ የብረት መለሰኛ በስሱ እየደራረበ፣ እብነበረድ እስኪመስል ድረስ ያሸዋል። ሦስቱ ግድግዳዎች አማሩለት። በተረተሩ በኩል ያለው ግን በአራተኛው ቀን ተነፋፍቶ ተላጠ። ፍቆ ደገመው፤ አሁንም ተላጠ።

ባንቺዓለም አንሶላ ታቅፋ ስታልፍ ቆመች። እጇን ሰደደች።

«ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ አልቦታል።»

ኢያቄም ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ። «ምን አሉኝ እናቴ?»

«በስተኋላው ተረተር ነው። ክረምት የጠጣውን ውሃ በዚህ በኩል ያወጣል። የዘይቱ ቀለም መተንፈሻ ነሳው። እስከ አፈሩ ድረስ ካላነሳህለት፣ ምን ብትቀባው ይጥልብሃል።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«የለሰንኩት እኔ ነኛ።»

ከሰዓት በኋላ ቀለሙን ማንሳት ጀመረ። ነጩ አፈር ብቅ አለ፤ ቀጥሎም በመስኮቱ ዙሪያ የሐረጉ ቁርጥራጭ። ኢያቄም ኪዳንን ጠርቶ የማን ሥራ እንደሆነ ነገረው። ኪዳን ሐረጉን አይቶ ባንቺዓለምን አስጠራት።

«እትዬ ባንቺ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ሲያጥቡ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ግድግዳው የአባትህ ነው።»

«እንግዲያው ሳንነካው እንዳለ እንተወዋ። እንግዶች ይወዱታል።»

ባንቺዓለም ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። ግማሹ ከቀለሙ ጋር ተገሽልጧል፤ የቀረውም በስብሷል። ከመስኮቱ በታች ስትደርስ ጣቷ የደሳለ አውራ ጣት ያረፈበት ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። እዚያው ትንሽ ቆየች።

«አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «ታሟል። የታመመ ነገር ለእንግዳ አይታይም። የበሰበሰው ይነሳ፣ ደህናው ከስር ይቆይ። ሲለሰን ግን እኔም እጄን አስገባለሁ።»

ይህን ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ያን ቀን አንድ ጊዜ ያጠበችውን አንሶላ ደግማ ስታጥብ ዋለች።

ግድግዳው ሦስት ሳምንት ሲነፍስበት ቆይቶ ሥራው ተጀመረ። ስፓቱላው መጀመሪያ አልገራላትም፤ ጠርዙ ይቧጭርባታል። ኢያቄም እጇን ይዞ ስፓቱላውን አዘነበለላት።

«አሁን አይንኩት» አላት። «እርጥብ ነው። ከደረቀም እንቢ ይላል። መካከል ላይ ነው የምንይዘው።»

ባንቺዓለም ሳቀች። ኢያቄም ምን እንዳሳቃት ቢጠይቃት «አክስቴን የምታውቃት መሰለኝ» አለችው።

ከኖራው ጋር የአገሩ ቀይ አፈር ይግባበት ያለችው እሷ ናት። መጀመሪያ በጣውላ ላይ ሞከሩት፤ ተሰነጣጠቀ። አፈሩን በነጠላ ነፍተው፣ መጠኑን ቀንሰው ሞከሩት፤ ያዘ። ማሸቱ ላይ ሲደርሱ ስፓቱላውን አስቀምጣ ከወንዝ ድንጋይ አመጣች። በድንጋዩ የታሸው ቦታ ጠለቅ ያለ፣ ማር የመሰለ ብርሃን አወጣ። ኢያቄም ጎንበስ ብሎ አየና «እኔን ያስተማረኝ ሰው ይሄን አላሳየኝም» አለ። ከዚያ በኋላ እሱም ድንጋይ ያዘ።

ሐረጉንም እንደገና እንድትስለው ለመናት።

«ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር» አለችው። «የዛሬው እጄ ሌላ ነው።» እናም ሌላ ሳለች፤ ቅጠሉ ያነሰ፣ ሰፋ ሰፋ ያለ መስመር።

አዳራሹ ለገና ሰሞን ተከፈተ። በመጀመሪያው ጠዋት ባንቺዓለም በር ላይ ቆማ አየች። አስተናጋጇ ሀፊዛ ወንበሮቹን ከግድግዳው ጋር አስጠግታ ደርድራቸዋለች።

«ሀፊዛ፣ ወንበሮቹን አንድ ክንድ ወደዚህ ሳብ አድርጊያቸው» አለቻት። «ኖራ ወር ሳይሞላው አይጠነክርም።»

«እሺ እትዬ። አንሶላዎቹን ግን ዛሬ ማን ይሰበስባል?»

«ኪዳን ሌላ ሰው ቀጥሯል። እኔ ኮሪደሩን መለሰን ጀምሬያለሁ» አለችና እጅጌዋን እየሰበሰበች ኖራው ወደተበጠበጠበት ሄደች።