በአንዲት ያረጀች ባትሪ ኤረር ሜዳ ላይ

ስሙኝማ፣ አቦ! ይኼን ሳትሰሙ ማንም «የመንግሥት መኪና ላይ መሥራት ደስ ይላል» እንዳይለኝ። እኔ አብዲ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የሹፌር ረዳት የሆንኩ ሰው ነኝ፤ ቃል ማሳመር አላውቅም፣ ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ከድሬዳዋ የወጣነው አንበጣ ፍለጋ ነው። ኤረር በኩል አንበጣ ወረደ የሚል ወሬ ስለተሰማ፣ «ሂዱና እዩ፣ ጥቂት ቀን እዚያው እደሩ» ተባልን።

ሦስት ነን። ሹፌሩ ጋሽ ሙሜ፣ አለቃችን አቶ ጌታሁንና እኔ። አቶ ጌታሁን ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ወር አልሞላውም፤ ሙቀት ሲነካው እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው። መኪናችን ጀርባዋ ላይ የእንጨት ቤት የተሠራባት የጭነት መኪና ናት። አልጋ አላት፣ ጠረጴዛ አላት፣ አምፖል አላት፣ ጣሪያዋ ላይም ማራገቢያ አላት። የሌላት ነገር ደህና ባትሪ ነው! ያቺው አንዲት ያረጀች ባትሪ ሞተሩንም ታስነሳለች፣ አምፖሉንም ታበራለች፣ ማራገቢያውንም ታዞራለች። ሞተሩን በእጅ አዙረን የምናስነሳበት ማኖቬላ ደግሞ ተሰብሮ መጋዘን ከገባ ወዲህ አልወጣም። ጋሽ ሙሜ ባትሪው ይለወጥልኝ ብሎ ስንቴ ለመነ! የንብረት ክፍሉ ሹም «መንገድ ላይ ይሞላል» አለው። እሱ ምን አለበት፣ ድሬ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚውለው።

መልካ ጀብዱ

ጠዋት ገና ሳይሞቅ ወጣን። መልካ ጀብዱ ላይ ቁርስ ብለን ወረድን፤ ትኩስ ሳምቡሳ፣ አንዱ በአምስት ሳንቲም፣ ወተት የበዛበት ሻሂ። ጋሽ ሙሜ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የበላው። ሻሂ ሻጯ ጭሱ አስነጠሳትና፣

«ሙሜ፣ ይቺ መኪና ዝም ማለት አታውቅም እንዴ?» አለችው።

«ዝም ካለችማ አንቺ ነሽ የምትገፊያት።»

«እኔ ባሌን ገፍቼም አልቻልኩ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አቶ ጌታሁን ብቻ አልሳቀም፤ መሀረቡን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ውሃ ይጠጣል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ አቧራና ግራር ነው። የባቡሩ ሐዲድ አንዴ ይቀርበናል፣ አንዴ ይርቀናል። ያገኘነውን እረኛ ሁሉ አንበጣ አይታችኋል ወይ እያልን ጠየቅን። የለም፣ የለም፣ የለም።

ላጋው ዳር

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰፊ ላጋ፣ ማለት ደረቅ የአሸዋ ወንዝ፣ ተሻግረን ማዶው ላይ ሰፈርን። የድሬ ሹፌር ልማድ አለው፤ ባትሪውን ካላመነው መኪናውን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ያቆማል። ጠዋት ፍሬኑን ለቆ፣ እየተንደረደረች በማርሽ ያስነሳታል። ኤረር ሜዳ ግን እንደ ትሪ ዝርግ ነው። ቁልቁለት ያለው ላጋው ዳር ብቻ ስለሆነ ጋሽ ሙሜ እዚያው አቆማት፣ አፍንጫዋን ወደ አሸዋው። ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሸቅኩ።

«አብዲ፣ ስማ» አለኝ። «አምፖል የለም፤ ፋኖስ አለልን። ማራገቢያ የለም፤ መስኮት አለልን። ባትሪዋ የሞተሩ ናት።»

ይኼን ለኔ መንገር ምን ይጠቅማል? አቶ ጌታሁን ገና ከመግባቱ ማራገቢያውን ከፈተ።

«ጌታዬ፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ ያጥፉት» አለው ጋሽ ሙሜ።

«አንተ መንዳትህን ንዳ። እዚህ ሞቼ ልቅር?»

ማራገቢያው ሌሊቱን አደረ፣ በማግስቱም ዋለ። እኔ እየሰማሁት ጥርሴን አፋጨሁ። አቦ፣ አንድ ሰው ላቡ እንዲደርቅ ሦስት ሰው ሜዳ ላይ ይቅር?

በማግስቱ ሮብሌ የሚባል ሽማግሌ ግመሎቹን እየነዳ መጣ። የግመል ወተት ሰጠን፣ እኛም ስኳርና ክብሪት ሰጠነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና፣

«ወሪያ፣ መኪናህ ውሃ ልትጠጣ ነው እንዴ አንገቷን ወደ ላጋ የሰደደችው?» አለኝ።

«ባትሪዋ ደክሞ ነው፣ አደር» አልኩት። በሶማልኛ ወሪያ «አንተ ልጅ»፣ አደር ደግሞ «አጎቴ» እንደማለት ነው።

«ግመል እንኳን በዚህ ወር እዚያ አይተኛም» አለ።

እኔና ጋሽ ሙሜ ሳቅን። ድሬን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች! በላያችን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሐረር ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ወርዶ ዕቃ ሲወስድ ስናይ ያደግን ሰዎች ሳቅን። ባትሪውን ስናስብ ወንዙን ረሳነው።

ዳድ!

የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይሆናል፣ በሐረር በኩል ተራራው በደመና ጠቆረ። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ሮብሌ ጆሮውን ጣል አደረገና ተነሳ። «ዳድ! ዳድ!» እያለ ጮኸ። ዳድ ጎርፍ ነው። ያን ጊዜ እኔም ሰማሁት፤ ከሩቅ ባቡር እንደሚመጣ ያጉረመርማል።

ጋሽ ሙሜ ዘሎ ገባና ቁልፉን አዞረ። ክት። ደግሞ አዞረ። ክት። ባትሪዋ አልቃለች። ወደኋላ እንግፋት ብለን ሞከርን፤ ያንን ሁሉ እንጨት ተሸክማ ዳገት ትወጣለች? ሮብሌ «ይኼን ዳር ውሃው ይበላዋል፣ እዚህ ከቆመች ሄደች» አለ። የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ቁልቁል ለቀናት ላጋው ውስጥ ማስነሳትና ውሃው ሳይደርስ በመጣንበት በድሬ በኩል መውጣት።

«ጋሼ፣ ተዋት! ብረት ናት!» አልኩት።

«ብረት ናት? ፈርሜባታለሁ። ተያዤ የእህቴ ባል ነው። እሷ ከጠፋች እኔ ወህኒ፣ እሱ ሜዳ። ድንጋዩን አንሳ!»

አነሳሁት። ጎማዋ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ እምቢ አለች። እኔና ሮብሌ ከኋላ ገፋን። ድንገት በጎኔ አንድ ትከሻ መጣ፤ አቶ ጌታሁን ነው፣ ኮቱን ጥሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ግፋ! ግፋ!» ይላል። መኪናዋ ንቅንቅ አለችና ወረደች። ታች ስትደርስ ጋሽ ሙሜ በማርሽ ያዛት፤ አንዴ አሳላትና ጠፋች። በመጨረሻዋ መንደርደር ላይ ደግማ ተንቀጠቀጠች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ጮኸች! የግመሎቹን መውጫ ይዛ እየተንገዳገደች ማዶ ወጣች። ውሃው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቡናማ፣ ከነግንዱ፣ ከነቁጥቋጦው። ቆመን የነበረበት ዳር፣ እኛ ወደኋላ ሸሽተን እያየነው፣ ተገመሰ።

ጋሽ ሙሜ ማዶ ሆኖ በደስታ ጡሩንባውን ይነፋል፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። አቶ ጌታሁን እጁን አፉ ላይ አድርጎ በጎርፉ ላይ ጮኸ፦

«ሙሜ! ጡሩንባውን ተው! ባትሪው! ባትሪው ያልቃል!»

ሮብሌ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬ እስኪመጣ። አቶ ጌታሁን ራሱ መጨረሻ ላይ ሳቀ። የዚያን ቀን ማታ ሮብሌ ቤት ወተት ጠጥተን አደርን፤ ማራገቢያ የለም፣ አለቃዬ ግን እንደ ሕፃን ተኛ።

መመለሻ

ጠዋት ውሃው ጎድሎ በእግራችን ተሻገርን። ጋሽ ሙሜ ሞተሩን እስኪመሽ ሳያጠፋ ባትሪዋን ሞልቷታል፤ ቁልፉን ሲነካው አንዴ ብላ ተነሳች። «አልሐምዱሊላህ» አለና መሪውን ሳመው። እስከ ድሬ ድረስ አቶ ጌታሁን መስኮት ከፍቶ አቧራ ሲበላ መጣ፤ ማራገቢያውን ቀና ብሎም አላየው። አንበጣ የለም፣ ሰው ደህና፣ መኪና ደህና። ከተማዋ ስትታየኝ የወጣልኝ ትንፋሽ፣ አቦ፣ የመርከብ ሸራ ይነፋ ነበር።

የተማርኩት ይኼን ነው፤ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው የሞተሩን ባትሪ ከቤቱ ባትሪ መለየት አለበት። አንድ ብቻ ካለው ደግሞ በፋኖስ ይደር፣ ላቡን ይጥረግ። አቶ ጌታሁንም ይኼ ገብቶት ከኛ ጋር ንብረት ክፍል ገባና ባትሪ ይለወጥ አለ። ሹሙ በመስኮት መኪናዋን አየት አደረጋትና፣ «በራሷ ተነስታ መጥታ የለም እንዴ? ባትሪው ደህና ነው» አለን።

እሺ ጌቶች፣ እናንተ ከጥላው ሥር ያላችሁት፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ባትሪውን የምትለውጡት ጎርፍ ሹፌሩን ሲወስደው ነው?