ሃይ ባይ ያጣ ቁጣ

ኮሌጅ የምትማረው ታናሽ እህቴ ግራ ዓይኗ ሲቀላ እናቴ ምች ነው አለችና ዳማከሴ አሽታ ግንባሯን ቀባቻት። ወይ ፍንክች! ብርሃን መቋቋም ሲያቅታት እናቴ አብነት ሰፈር ያለውን ሱቋን ዘጋች፤ ሦስታችንም ከልደታ በሚኒባስ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ዶክተሯ ጀርም የለም አለች። ዓይኗን ያስቆጣው የገዛ ሰውነቷ ነው። ከበሽታ የሚከላከሉልን ሴሎች በሚልኳቸው ፕሮቲኖች ይነጋገራሉ፤ አንዱ ፕሮቲን ተነሱ ሲላቸው ሌላው በቃ፣ ተመለሱ ይላቸዋል። የእህቴ ሴሎች ያ «በቃ» የሚለው መልእክት በወጉ አይደርሳቸውም፤ ጠላት በሌለበት ዓይኗን ይደበድባሉ። ሃይ ባይ አጡ ማለት ነዋ፣ አልኳት። እንደሱ ነው አለችና ሴሎቹን የሚያበርድ ኪኒን አዘዘች። ካቋረጠችው ዓይኗ ሊጠፋ እንደሚችልም ደጋግማ ነገረችን።

እናቴ ግን ከዚህ ሁሉ ጆሮዋ የገባው መድኃኒቱ የመከላከል አቅም ይቀንሳል የሚለው ብቻ ነው። ደንበኞቿም ልጅሽን ተራ ጉንፋን ሊጥላት ነው እንዴ እያሉ አስፈራሯት። እህቴ የእናቴን ጭንቀት አልቻለችውም፤ ኪኒኑን ተወችው። በምትኩ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ! አቅም እንዲሆናት እኮ ነው። ለእኔ ግን ቅላቱ ትንሽ ቀነስ ስላለ መድኃኒቱ ሠራላት አሉኝ፤ እኔም አመንኩ።

አንድ ጠዋት እህቴ በግራ በኩል ጨለመብኝ አለች። ኪኒኑን መተዋቸውን የሰማሁት ያኔ ነው። እኔ ስናደድ አፌን አልይዝም፤ ለእናት የማይባል ነገር ተናገርኳት። እናቴ ነጠላዋን አነሳችና ሦስታችንም ወደ ሐኪሟ ሄድን።

ዶክተሯ መርምራት ስትጨርስ ግራው ከእንግዲህ አይመለስም፣ ቀኙን እናድን አለች።

«የኔን አውጥታችሁ ስጧት» አለቻት እናቴ።

ዶክተሯ እጇን ይዛ ዓይን እንደዚያ እንደማይተከል አስረዳቻት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እኔ በእህቴ ቀኝ ነበርኩ፤ መጨረሻ የገባችው እናቴ በግራዋ ጥግ ያዘች። ንዴቴ አልበረደልኝም። እናቴን እንዳልቆጣት አሳዘነችኝ፣ እንዳላባብላት አናደደችኝ። ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ሰንጋ ተራን እንዳለፍን እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ ቀረች እንዴ?» አለችኝ።