ድሙዬን የተቀበለችልኝ ሴት

አባቴ ሰው ፊት ክዶኛል። እንዲህ ብዬ ስናገር «ኧረ ተይ፣ አባት ላይ እንዲህ አይባልም» የሚለኝ አይጠፋም። ለምን አይባልም? እሱ ያለውን እኔ ብደግመው ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ሦስት ዓመት ያለ አባት ኖሬያለሁ፤ አልሞትኩም።

ጊዜው ጋምቤላ ገና ክልል የሆነችበት ነበር። ቢሮዎቹ ወንበር ሳይሟላላቸው ማህተም ነበራቸው። እኔ ከአንዱ ቢሮ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። የተወለድኩት ወሎ ነው፤ በሕፃንነቴ በሰፈራ አቦቦ ገባን፤ እናቴን በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰደብኝ። መንግሥት ሲለወጥ ግማሹ መንደር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አባቴ «እኔ ሁለት ጊዜ አልነቀልም» ብሎ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት እሱን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ቢሮ ውስጥ መዝገብ ቤት የሚሠራ አንድ አኙዋክ ነበር። ምንም ስህተት የሌለበትን ደብዳቤ ሳይቀር እያመጣ «ይደገምልኝ» ይለኛል። ሦስተኛው ላይ «ወንድሜ፣ የመንግሥት ወረቀት አትጨርስ፤ የልብህን ተናገር» አልኩት። ተናገረ። እኔም ወደድኩት።

ሽማግሌ ሆነው ወደ አባቴ የሄዱት አጎቱና ሁለት ዘመዶቹ ናቸው። በጭነት መኪና አቦቦ ገቡ፤ እኔ ከዋዜማው ጀምሮ አባቴ ቤት ነበርኩ። በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ድሙይ ይዘዋል። ድሙይ የአኙዋክ የጋብቻ ዶቃ ነው፤ ሰማያዊ፣ በጣም ያረጀ፣ ሴት ልጅ በተዳረች ቁጥር ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የሚተላለፍ። ድሙይ የተሰጠላት ሴት ወገን አላት፤ ያልተሰጠላት ግን ቤቱ ውስጥ እንግዳ ናት።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የአባቴ እናት ጨሌ ነበራቸው፤ የዛር ጨሌ። ለዚያ ጨሌ ስንት በግ እንደታረደ፣ አባቴም ጎረምሳ ሳለ ከግድግዳው በጥሶ ወንዝ እንደጣለው እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ክር ላይ የተሰካ ዶቃ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ይህን እያወቅኩ ድሙይ ምን እንደሆነ አስቀድሜ አላስረዳሁትም! እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይዘነጋል? ሙሽራ ልሆን ነዋ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ጨርቁ ሲፈታ አባቴ ብድግ አለ።

«በስመአብ! ጨሌ ቤቴ አስገባችሁብኝ? ልጄን ለዛር ልድር?»

አጎትየው ረጋ ብለው «ይሄ የሚመለክ አይደለም» አሉት። «የኔ እህት በዚህ ነው ያገባችው።»

ማን ይሰማቸዋል! ጨርቁን ከነድሙዩ ወደ ውጭ ወረወረው። ክሩ ተበጠሰና ዶቃው ደጅ በተሰጣው በቆሎ ላይ ተበተነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» አለ።

በቆሎው ላይ ተንበርክኬ ዶቃውን መልቀም ያዝኩ። አጠገቤ ሰው ሲንበረከክ ቀና ብል እትዬ ናት። እትዬ ጎረቤታችን ናት፤ እስላም ናት፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ጡት ማጥባት ብቻ ሲቀራት ያሳደገችኝ እሷ ናት። «አብሽሪ» አለችኝ። «ጨሌም ይሁን ሌላ፣ የሰው ዕቃ መሬት ላይ አይቀርም። ልቀሚ።» በቆሎውን በወንፊት እስክንነፋ ደረስን፤ አንድም አልቀረ።

ያለ አባቴ ምርቃት ተጋባን። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር፤ አልዋሽም። የአቦቦ መኪና በመጣ ቁጥር ገበያ ወርጄ ከላይ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን አየዋለሁ። በቢሮው ታይፕ ለአባቴ የይቅርታ ደብዳቤ እመታለሁ፤ እቀደዋለሁ። ማንበብ አይችልም እኮ! ለሌላ ሰው አስነብቦ ሊሰማኝ ነው? ሰው ስለ አባቱ ሲያወራ ሆድ ይብሰኛል፤ ባሮ ዳር ወርጄ ልብስ እያጠብኩ አለቅሳለሁ።

አንድ ቀን እዚያው ባሮ ዳር እያለቀስኩ በራሴ ተናደድኩ። ለቅሶ ለሞተ ነው። የእኔ አባት በሕይወት አለ፤ ይሄኔ አቦቦ ላይ በቆሎውን እየኮተኮተ ጎረቤቱን ይሳደባል። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና መጠበቅ ተውኩ። «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ለሚለኝ «አኩርፎኛል፤ ደህና ነው» እላለሁ። መጀመሪያ አፌን ከበደው፤ በኋላ ለመደው። ናፍቆቱ አልወጣልኝም፤ እኔ ግን ናፍቆቱን ታቅፌ ቁጭ ማለቴን አቆምኩ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ድሙዩ አማቴ፣ የባሌ እናት ዘንድ ተቀምጧል፤ ከእኔ ወገን የሚቀበል የለም። እኔም ቤታቸው ውስጥ እንግዳ ነኝ። ሦስተኛው ዓመት ላይ አማቴ አስቀመጡኝና በዚያች በተቆጠበች አማርኛቸው ተናገሩኝ።

«አባት የለም? እሺ። ሰው የለም? እምቢ። አንቺ ከዛፍ አልወረድሽም። ሰው አምጪ።»

ወደ እትዬ ላክሁ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ነጭ ዶሮ ታቅፋ በጭነት መኪና መጣች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። በባሌ ዘመዶች መሐል ተቀመጠችና «የማን ወገን ነሽ?» ሲሏት «እናቷ ነኝ» አለች፤ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ድሙዩን በሁለት እጇ ተቀበለች። እኔ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ፤ በደስታ ነበር።

ወሬው አቦቦ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። አባቴ እትዬ ደጅ ሄዶ «እኔ ሳልሞት የልጄን ድሙይ የምትቀበይ አንቺ ማነሽ? አምጪ!» ብሎ አንባረቀባት አሉ። የጣለው ሰው እኮ ነው! እትዬም «ጣልከው፤ አነሳሁት። ከፈለግህ ልጅቷን ጠይቅ» ብላ በሯን ዘጋችበት።

መጣ። ለምሳ ልወጣ ስል የቢሮው በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል።

«ድሙዩን መልሺ በያት» አለኝ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አባት እያላት ሌላ ሰው ተቀበለላት ይባላል?»

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቢሆን እግሩ ላይ ወድቄ፣ ድሙዩን ከእትዬ ነጥቄ እሰጠው ነበር። አሁን ግን እሱን ብወደውም እትዬን መካድ አልቻልኩም።

«አይሆንም፣ አባዬ። ድሙዩ የእሷ ነው።»

ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንግዲያ እኔስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ ምሳ ሳትበላ አትሄድም።»

«ማን ቤት?»

«እኔ ቤት።»

ስለ ሙቀቱ እያጉረመረመ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ ተከተለኝ። እንዳይመለስ ፈርቼ ዞር ብዬ አላየሁትም፤ የዱላውን ድምፅ ብቻ እያዳመጥኩ ሄድኩ። ስንደርስ አማቴ ደጅ ላይ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ይሄ ማነው?» አሉኝ።

አፌን ልከፍት ስል አባቴ ቀደመኝ።

«አባቷ ነኝ።»

አማቴ ወንበራቸውን ለቀቁለት። «ዘገየህ» አሉት። «ቁጭ በልና ብላ።»