የአኮ ወገን ሲቆጠር

ልጅ ሳለሁ እኛ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ የቡና መጋዘን ጀርባ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ጭቃ ቤቶች ውስጥ ቡና ለቃሚ ሴቶች፣ ጆንያ ተሸካሚዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና እንደ አባቴ ያሉ አናጺዎች ይኖሩ ነበር። አንዱ ከወሎ ነው፣ አንዱ ከጉራጌ፣ ሌላው ከደዶ መጥቶ የከተመ። ጠዋት የመጋዘኑ ደወል ሲደወል ሁሉም በየቋንቋው እያጉረመረመ ይወጣል፤ ማታ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት የቡና ገለባ ብናኝ ለብሶ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ከየት እንደመጡ በግልጽ የማይነገርላቸው የአባቴ እናት ብቻ ነበሩ። ወለተ ማርያም የሚል የክርስትና ስም ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ እኛም ሰፈሩም በኦሮምኛ አያት ለማለት «አኮ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ልጅነታቸውን በአንድ ሀብታም ሙስሊም ነጋዴ ቤት አሳልፈው፣ ኋላ ከጎጃም የመጣ የበቅሎ ነጋዴ ሲያገቡ ክርስትና የተነሱ ናቸው። ስለዚህ ሲደነግጡ «ወላሂ!» ይሉና ወዲያው ያማትባሉ። ንስሐ አባታቸው ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልን እንስቅ ነበር፤ እሳቸውም አብረውን ይስቁ ነበር። ከነጋዴው ቤት በፊት የት እንደነበሩ ሲጠየቁ ግን «ከጎጀብ ማዶ» ብለው ወንዙ ላይ ያቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም አያሻግራቸውም።

ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር። በር በጊዜ ይዘጋል፤ መብራት አንዳንዴ ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ አይመጣም። አባቴ በርጩማ ሲሠራ የወደቀውን የዋንዛ ፍቅፋቂ በጆንያ ይዞልን ይገባ ነበርና አኮ እሱን ጭብጥ ጭብጥ እያደረጉ ምድጃው ላይ ይጨምሩታል። ነበልባሉ ፈጥኖ ይነሳል፣ ፈጥኖም ይከስማል፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ እናቴ ላምባ እንዳያልቅ ብላ ኩራዙን ታጠፋለች፤ አኮም ፊታቸው በፍሙ ቀልቶ፣ ሌላው ሰውነታቸው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ተረት ይጀምራሉ።

የእሳቸው ተረት ጎረቤት ከምንሰማው ይለያል። «አንድ ሰው ነበር» ብለው አይጀምሩም፤ ሰውየው ሁልጊዜ ስም አለው። ዝንጀሮ ማሳውን ቢያስቸግረው ከዝንጀሮዎቹ ጋር እኩል ተካፍሎ የዘራው ሎሃ ይባላል። ንብ የሚያነጋግረው ዳልጋ ነው። ጎጀብ ላሜን በላብኝ ብሎ ወንዙን ንጉሥ ፊት የከሰሰው፣ ወንዙም በቀጠሮው ቀን ባለመቅረቡ የተፈረደለት ደግሞ አንጁሎ ነው። እኔ ከሁሉም አንጁሎን እወድ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ አኮ እንደ ሌላው ሰው «በሉ ተኙ» አይሉም፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ከተሳሳትኩ እንደገና ያስደግሙኛል። እኔ የጨዋታው ደንብ አድርጌው ነበር የያዝኩት።

በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቴን ጽጌን ታደሰ የሚባል የሰኮሩ ልጅ፣ እኛ ከተማ የሚያስተምር መምህር፣ ወደዳት። እሷም ወደደችው። የታደሰ ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ሲሰማ ቤታችን ደስ ከመሰኘት ይልቅ ጭንቅ ገባው። ልጅ ከመሰጣጣት በፊት የሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ለሥጋ ዝምድና ነው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ግን ቆጠራው ሌላም ሥራ ነበረው። በዚህ ከተማ ድሮ ሰው ይሸጥ ነበር። ወገናቸውን መቁጠር ስለማይችሉ አሮጊቶች ምን እንደሚባል እናቴ መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ሰምታለች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ስለማን ሲያወሩ እንደሆነም ታውቃለች። ጽጌ ራት መብላት ተወች። አባቴ ደግሞ ያለወትሮው እስኪመሽ መዶሻውን አያስቀምጥም ነበር።

በቀበሌው ስብሰባ ዘር መቁጠር የፊውዳል ቅሪት እንደሆነ በየጊዜው ይነገረን ነበር። ይህ ነገር ያድነን ይሆን ብላ እናቴ ተስፋ አድርጋ ነበር። ሆኖም ከሰኮሩ ከመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንደኛው፣ እዚያ ይህንኑ ትምህርት የሚሰጡት ጓድ ራሳቸው ሆነው ተገኙ፤ ደረታቸው ላይ ምልክት ለጥፈው፣ ከዘራ ይዘው። ተስፋዋ በር ላይ አለቀ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ በላቸው የሚባሉ ረጅም ሰው ነበሩ። የእናቴን ወገን ወንድሟ፣ አጎቴ ቆጠረ። የጎጃሙን አያቴን ወገን አባቴ ራሱ ሳይደናቀፍ ቆጠረ። እኔና ጽጌ ከአኮ ጋር ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመን እንሰማለን።

«የአባትዎ ወገን ደህና ነው» አሉ አቶ በላቸው። «የእናትዎስ?»

 በመጋረጃው ቀዳዳ አባቴን አየሁት፤ መዳፉ ላይ የደረቀ ሙጫ እየፈቀፈቀ መሬት መሬት ያያል። እንዲያ አንሶ አይቼው አላውቅም ነበር። ጽጌ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

አኮ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። «ማሎ፣ እባካችሁ፣ እናቲቱ እያለሁ ልጁን ትጠይቁታላችሁ እንዴ?» አሉ። «እኔው እቆጥርላችኋለሁ።» ቆመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጠሉ፦ «እኔ የሎሃ ልጅ ነኝ። ሎሃ የዳልጋ፣ ዳልጋ የአንጁሎ፣ አንጁሎ የሻንካ፣ ሻንካ የጋጋ፣ ጋጋ የዋዳ፣ ዋዳ የቶጋ።»

እኔ ቀሚሳቸውን ይዤ ተከትያቸው ወጥቼ ነበር። አፌን መያዝ የምችል ልጅ አልነበርኩምና «ሎሃ? የዝንጀሮው ሎሃ?» አልኩ።

 አኮ አልተቆጡኝም፤ ወደ እኔ ዞር ብለውም አላዩ፤ እጃቸውን ግን ወደ ኋላ ልከው ትከሻዬን ጫን አደረጉት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑ የገባኝ።

«ነይ እስቲ ወዲህ» አሉኝ አቶ በላቸው። «ሎሃን ታውቂዋለሽ?»

«አዎ። ገበሬ ነው። ዝንጀሮ ያስቸግረው ነበር።»

«ዝንጀሮ መቼም ያስቸግራል። አባቱስ?»

«ዳልጋ። ንብ ነበረው።»

«የዳልጋስ አባት?»

«አንጁሎ። በላም ጉዳይ ንጉሥ ፊት ተካሶ ተፈርዶለታል።» የተከሰሰው ወንዝ መሆኑን ዋጥ አደረግኩት።

አቶ በላቸው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ንጉሥ ፊት የቆመ! ይሄማ ባለ ርስት ነው» አሉ።

ጓድ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ባለ ርስት ሲባል… ባላባት ነበር ማለት ነው?»

«ኧረ ወላሂ!» አሉ አኮ፤ አማተቡም። «ከአንዲት ላም በቀር ምንም ያልነበረው ምስኪን ነው።»

«እንግዲያው ጭቁን አርሶ አደር ነው» አሉ ጓድ፣ ፊታቸው ፈታ ብሎ። ለአንደኛው ባለ ርስት፣ ለሌላኛው ጭቁን ሆኖ አንጁሎ ሁሉንም አስማማ። የቀሩትንም ስሞች እስከ ቶጋ ድረስ ሳልሳሳት በቃሌ ወጣኋቸው። አቶ በላቸውም «ልጅ እንኳ እስከነሥራቸው የምታውቀውን ወገን እኛ ምን ብለን እንጠይቃለን?» ብለው ለምርቃት ተነሡ። ጽጌ ጓዳ ውስጥ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም።

በማግስቱ አኮ አባቴ ከሚሠራበት ደጃፍ ፍቅፋቂ ሲሰበስቡ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ ሎሃ የእውነት አባትዎ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አላውቅም» አሉኝ፤ ጆንያቸውን መሙላት ሳያቋርጡ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ስወሰድ ካንቺ አንስ ነበር። ከእናቴ ጋር ነው የወሰዱን። እየነዱ፣ በእግር፣ ወደ ጅማ። ማታ ማታ ስናድር እናቴ ስለነዚህ ሰዎች ትነግረኝ ነበር፤ ስለ ሎሃ፣ ስለ ዳልጋ፣ ስለ ሁሉም። ደግሚ ትለኛለች። እደግማለሁ። እዚህ ስንደርስ እኔን አንድ ሰው ገዛኝ፣ እሷን ሌላ ሰው ወሰዳት።»

 ጆንያውን ነቅነቅ አድርገው ቀጠሉ። «ወገኔን እያስቆጠረችኝ ይሁን፣ እንዳላለቅስ እያጫወተችኝ፣ ወላሂ አላውቅም። አልጠየቅኳትም፤ ልጅ ነበርኩ። ትናንት ግን ወገን ያስፈልግ ነበር፣ ያለኝም ይኸው ነው።»

እዚያው ፍቅፋቂው ላይ አለቀስኩ። አኮ አላባበሉኝም፤ የጆንያውን አንድ ጫፍ አስያዙኝና ወደ ቤት ገባን። ያን ቀን ማታም የሻንካን ተረት እንደወትሮው ነገሩኝ፤ እንደወትሮውም አስደገሙኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ፣ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጎጀብ ማዶ ተመደብኩ። ሌሎቹ ሩቅ ነው ብለው ሲያማርሩ እኔ ደስ አለኝ። ቀን ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ትምህርቱ ሲያበቃ አያቴ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር መወሰዳቸውን እያወራሁ ሽማግሌዎቹን ስለ ሎሃና ስለ ዳልጋ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ከተማሪዎቼ አንዱ የነበሩት አዛውንት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ ሎሃ በየቤቱ አለ» አሉኝ። «ዳልጋም ሞልቷል። የእኔም አጎት አንጁሎ ነው። የወንድ ስም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እየዞረ ስለሚወጣ በዚያ ሰው አታገኚም። ከነልጇ ተወስዳ የቀረች ሴት ግን በቤቷ አትረሳም፤ እስከ ዛሬ ስሟን እየጠራ የሚያለቅስ ሰው ይኖራል። የሴትየዋን ስም አምጪልኝና እኔ ቤቱን እፈልግልሻለሁ።»

ዘመቻው አልቆ ወደ ጅማ በጭነት መኪና ስመለስ መንገዱ ሁሉ አልታየኝም። አኮ ያኔ አርጅተው፣ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር የሚውሉት። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አጠገባቸው ተንበርክኬ አዛውንቱ ያሉትን ነገርኳቸው። ቤቱ ሊገኝ ነው፣ እርስዎ ብቻ የእናትዎን ስም ይንገሩኝ አልኳቸው።

 የአኮ ከንፈር ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እንደ ልጅ ግራ በተጋባ ዓይን አዩኝ።

«እናቴ ነበር የምላት» አሉኝ። «ሌላ ስም ይኖራታል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

አኮ የሞቱት መንግሥት ሳይለወጥ ነው። ወደ ጎጀብ ማዶ ተመልሼ አልሄድኩም፤ ለአዛውንቱ ይዤላቸው የምሄደው ነገር አልነበረኝም። ሰባቱን ስሞች ዛሬም ሳልሳሳት እቆጥራቸዋለሁ፤ ለጽጌ ልጆችም አስተምሬአቸዋለሁ፤ እነሱም ከተሳሳቱ አስደግማቸዋለሁ። ሰዎቹ በእርግጥ ይኑሩ አይኑሩ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። በእርግጥ እንደነበረች የማውቀው እየተነዳች ሳለ ማታ ማታ ለልጇ ተረት ትነግር የነበረችውን ያቺን ሴት ብቻ ነው፤ እሷን ደግሞ ቁጥር ውስጥ የማስገባበት ስም የለኝም።