ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወደ ሐይቅ

የልጄ የሰይድ ራስ የበራችንን ጉበን መድረሱን የነገረኝ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። መዋጮ ሊሰበስብ መጥቶ ከደጄ ቆሟል። ሰይድ እንጨት ተሸክሞ ሲገባ ጎንበስ አለ።

«ፋጤ፣ በርሽ አጠረ ወይስ ልጅሽ ረዘመ?» አለኝ ሰውየው።

እንደ ሞኝ አብሬው ሳቅሁ። ከሄደ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የጎረቤቴን ልጅ ለውትድርና ከመውሰዳቸው በፊትም እንዲሁ በቁመቱ ሲቀልድ ሰምቼው ነበር።

ሐይቅ ከተማ ያገባች እህት አለችኝ፣ ዘይነብ የምትባል። «አምጪው፣ ትምህርት ቤት ይግባ፣ ተማሪ አይወስዱም» ብላ ስትልክብኝ ከርማለች። እስከዚያን ቀን ድረስ እግሬን የያዘው የኑሮው ነገር ነበር። እዚህ መሬት አለኝ፤ ለቅቄ ከሄድኩ ማኅበሩ ለሌላ ይሰጠዋል። እዚያ ደግሞ ሰው የሚተኛበትም ይከራያል አሉ።

ጎህ ሲቀድ

ሳይነጋ ወጣን። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ፣ ወገቤን በመቀነት ታጠቅሁ። ሰይድ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናነበ። ለቅሶ የሚሄድን ሰው በእኛ አገር ማንም አያስቆመውም። እስላምም ሆነ ክርስቲያን አንድ ቅሬ፣ አንድ እድር ነው፤ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያለቅሳል። ለቀስተኛ ያገደ ሰው የራሱ ለቅሶ ቀን ማን ይደርስለታል?

ማሽላዬ ሳይታጨድ ቆሟል። በመካከሉ ስናልፍ ቅጠሉ ትከሻዬን ይዳስሰኛል። ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት የአምባሰል ተራራ ከሥሩ ተቆርጦ የተንሳፈፈ ይመስላል። አንድ ቦታ ላይ የራሴ እግር አልታይ አለኝ። የምሄደው እኔ ልሁን ሌላ ሴት፣ በህልሜ ይሁን በውኔ፣ ለጊዜው ጠፋኝ።

«እማየ፣ ማን ሞተ ብንባል ምን እንላለን?» አለኝ ሰይድ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር! በቁም ያለ ሰው ሞተ ብዬ ስም ልጥራ? ሟርት ነው። አፌም እሺ አይለኝም።

«ዝም በል፣ አላህ ያውቃል» አልኩት።

ውጫሌ፣ ረፋድ ላይ

የገበያ ቀን ነው። አቧራ፣ ጨው የጫነ አህያ፣ የቅቤ ሽታ። ወደ ደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና አገኘን።

«በሰው ሦስት ብር» አለ ሾፌሩ። ነጠላዬን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለቅሶ ነው እንዴ እናቴ? ሁለት ሁለት ስጡኝ። ነፍስ ይማር።»

አሜን አልኩ፤ ምን ልበል? የተቀነሰልን ሁለት ብር እጄን አቃጠለኝ።

ላይ ስንወጣ ከሽንኩርት ጆንያ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። እትየ አስካለ ትባላለች፤ ከውጫሌ ገዝታ ሐይቅ ትቸረችራለች። ሰይድ ጆንያ ተደግፎ አንቀላፋ። እኔ ጨነቀኝና ስለ ሐይቅ ኑሮ ጠየቅኋት።

«የኋላ ክፍል በስድስት ብር ይገኛል፣ በወር» አለችኝ። «እንጨቱን ትገዣለሽ። ጤፉን ትገዣለሽ። ጎመኑን ሳይቀር ትገዣለሽ።»

«ውሃውንስ?»

«ከቧንቧ ከሆነ በሳንቲም ነው። ካልሆነ ሐይቁ አለልሽ።»

«ግብርስ?»

«መሬት ለሌለው ምን ግብር አለ? መዋጮ ነው እንጂ። የቀበሌ፣ የሴቶች ማኅበር፣ የእናት አገር ጥሪ።»

«እሱማ እኛም ጋ አለ። በዚያ ላይ የመሬት መጠቀሚያው፣ የእህል ኮታው።»

«መብራት ካስገባሽም ይከፈላል።»

«ለጨለማስ?»

«ለጊዜው በነፃ ነው» አለችና ግራ ቀኝ አየች። «አንቺ ግን አታስታውሻቸው።»

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩ። ለቀስተኛ አይስቅማ!

መኪናው ያወዛውዘኛል። ሸለብ ሲያደርገኝ ብሩ ሁሉ እንደ ጤፍ በነፋስ ሲበጠር ይታየኛል። የቀለለው ገለባ ወደ አምባሰል ይሄዳል፣ ፍሬው ወደ ሐይቅ፤ መልሶ ይገለበጣል። ማሽላዬን እሸጥና ኪራይ እከፍላለሁ፤ ከዚያ ማሽላው የለም። ጥጥ እፈትላለሁ፤ ጥጥ ደግሞ ይገዛል። ስነቃም ስተኛም ሂሳቡ ከአንዱ ጠርዝ ይጎድልብኛል። ከተማው ይወደዳል፣ ወላሂ ይወደዳል። ዓይኔን ስገልጥ ግን የሰይድ ረጅም እግር ከጆንያው አልፎ ተዘርግቷል።

ኬላው፣ ቀትር ላይ

ገመድ ተወጥሯል። ጠመንጃ የያዘ የኬላ ጠባቂ ወደ ላይ አንጋጦ አየን።

«አንተ ጋቢ የለበስከው፣ ውረድ!»

ሰይድ ተነሣ። እኔም አብሬ ተነሣሁ።

«የት ነው የምትሄዱት?»

«ለቅሶ ነው» አልኩ።

«ማን ሞቶ?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ያን ጊዜ ሰይድ ጋቢውን ከፊቱ አወረደና፣

«አባቴ» አለ።

እውነቱን ነው። አባቱ ይመር በድርቁ ጊዜ እህል ፍለጋ እንደወጣ መንገድ ላይ ቀረ። ማን እንደቀበረው አላውቅም። ያን ጊዜ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ቅሬውም ተበትኖ ነበር፣ ለመጮህም ጉልበት የነበረው ሰው አልነበረም። ስሙን ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።

«ይመሬ!» ብዬ ጮህኩ። «ይመሬ! ያለ ቀባሪ የቀረኸው! ልጅህ አድጎልሃል፣ ና እየው!»

ደረቴን መታሁ። ማስመሰሉ ከየት ላይ እንዳበቃ አላውቅም። እትየ አስካለ ከጆንያዋ ላይ ተነሥታ ተቀበለችኝ፤ እሷ ግን የጠራችው የራሷን ልጅ ስም ነበር። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ሕፃን ያዘለች ሴት። ሁሉም የየራሱን እየጠራ አለቀሰ። ያ ድርቅ ለካ ሁላችንንም ሳናለቅስ ነበር ያለፈን። የመኪናው ጣውላ እስኪንቀጠቀጥ አለቀስን።

ጠባቂው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ወጣት ነው፤ አነጋገሩም የወሎ ነው። ሰይድን አየው፣ እኔን አየኝ።

«ተቀመጥ፣ እናትህን ያዛት» አለውና ገመዱን ራሱ ለቀቀው።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። እትየ አስካለ ዓይኗን ጠረገችና፣ «ሽንኩርት ላይ መቀመጥ እኮ እንዲህ ያደርጋል» አለች። ሽማግሌው እያለቀሰ ሳቀ።

ሐይቅ፣ ከሰዓት በኋላ

ውሃው ከመንገዱ በታች ብቅ አለ፤ ሰማዩ ወርዶ የተኛ ይመስላል። ከዳርቻው የገዳሙ ዛፎች ጠቁረው ይታያሉ። ከመኪናው ወርደን እያየነው ሄድን።

ዘይነብ ከበሯ ላይ ሆና ነጠላዬን ስታይ «ወይኔ! ማን ሞተብኝ?» ብላ ራሷን ያዘች። ጎረቤቶቿ ወዲያው ወጡ፤ አንዷ ነጠላዋን መዘቅዘቅ ጀምራለች።

«ማንም አልሞተም! ዝም በይ፣ ማንም!» እላለሁ፣ እሷ አትሰማኝም። ሰይድ ሄዶ እቅፍ ሲያደርጋት ነው ጩኸቷን ያቆመችው። ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው።

«አብሽሪ፣ ፋጤ» አለችኝ በመጨረሻ። «ነገ ትምህርት ቤት ይመዘገባል። ባለቤቴ ጨርሶታል።»

ዘይነብ የፈለገችልኝን ክፍል አየሁት፤ አንድ መስኮት አለው፣ ኪራዩ እትየ አስካለ እንዳለችው ስድስት ብር ነው። ጥጥ በስንት እንደሚሸጥ ጠየቅሁ። ውድ ነው። እንጨቱም ውድ ነው። ሂሳቡ አሁንም አይሞላም፤ እየፈተልኩ እሞላዋለሁ። አምባሰል የሚጠይቁኝ ግን ልጄን ነበር፤ እሱን ደግሞ ፈትዬ አልተካውም።

ነጠላዬን አስተካክዬ ለበስኩ። ሰይድ መደቡ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። ደርሰናል። ልጄ አልተወሰደም። ደኅና ነን።