መሐሉ እብጠት ያለው ገመድ

አሰፋሽ በዶሮ ላባ የኪቦርዱን አቧራ ታወጣለች። በፊደሎቹ መካከል አንድ በአንድ፣ ትንፋሿን ይዛ። የሰመራ አቧራ ደቃቅ ነው፤ መስኮት ቢዘጋም ይገባል። በትምህርት ቤቱ ሻይ የማፈላው እኔ ስለሆንኩ በየቀኑ አያታለሁ። ስትጨርስ ላባውን በወረቀት ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

ከኮምቦልቻ መጥታ የአሥራ አንድ ዓመት የተማሪ ውጤት የመዘገበችው በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። በ2003 መስከረም ግን ማሽኑ ደከመ። ማተም አቆመ፤ ረፋድ ላይ ሙቀቱ ሲበረታም ድርግም ይላል። አዲስ ኮምፒውተር መጥቶልን ነበር፤ ውጤቱ ግን ያለው አሮጌው ውስጥ ብቻ ነው። ወረቀቱን ምስጥ በልቶታል። የኮሌጅ ምዝገባ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው መቶ ስልሳ ልጆች ትራንስክሪፕት ይጠብቃሉ። ነርስ ልትሆን የተነሳችው ሱልጣና በየጠዋቱ መጥታ በሩ ላይ ትቀመጥ ነበር።

የኮምፒውተር ጠጋኙ ከማሉዲን በፍላሽ ሞከረ፤ የተቀዳውን ሁሉ ቫይረስ አበላሸው። ሁለቱን ኮምፒውተሮች በተራ ገመድ አያያዛቸው፤ ምንም የለም።

«እትዬ አሰፋሽ፣ ይኼ ነገር አርፏል፤ ተዝካሩን ያውጡለት» አላት።

አሰፋሽ ግን ሌላ ገመድ ልትፈልግ ቅዳሜ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍራ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወረደች። ከባድ መኪናዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ገመዶቹን እንደ ጨርቅ እያገላበጠች ስታይ፣ መሐሉ ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያህል እብጠት ያለው አገኘች። እብጠቱ ለምን እንደሆነ ባለሱቁን ጠየቀችው።

«ሁለቱም ኮምፒውተር አዛዥ ነው። በቀጥታ ብታገናኚያቸው አንዱም ሌላውን አይሰማም። ይኼ መሐል የሚገባ ሽማግሌ ነው» አላት።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ የአሮጌውን ክዳን ከፍታ ቬንትሌተሩን አዞረችለት። ገመዱን ሰካች። በሁለቱም ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት መስኮት ተከፈተ። ከ2002 ጀመረች፤ የሚጠብቁት የዚያ ዓመት ልጆች ናቸውና። ፋይሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ እየጎተተች ወደ ኋላ ሄደች፤ 2001፣ 2000። ከማሉዲን ገባና ካርቶን አንስቶ ማሽኑን ያራግብ ጀመር። የመጨረሻው፣ የ1992ቱ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። አሮጌው ጥቂት ቆይቶ ጠፋ፤ ዳግመኛም አልበራም።

አሰፋሽ በአዲሱ ላይ የሱልጣናን ስም ከፍታ አተመች፤ ማኅተሙም ተመታበት። ሱልጣና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እኔም ማንቆርቆሪያዬን አስቀምጬ እልል አልኩ።

ከማሉዲን ቀስ ብሎ «ሽማግሌውን ያውሱኛል?» አላት።

«እዚሁ መጥተህ ተጠቀምበት። ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

መቶ ስልሳውንም አትማ እስክትጨርስ ከወንበሯ አልተነሳችም። ከኮምቦልቻ እናቷ በጭነት መኪና ሹፌር የላኩላትን በርበሬ በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሎጊያ መንገድ ዳር ወርዳ መቀበል ነበረባት። ሹፌሩ ጠብቆ ጠብቆ በርበሬውን እንደያዘ ወደ ጅቡቲ አለፈ።